ዋስና ጠበቃ፦ ሰው ሲታሰር ቤተሰቡ ሊያውቀው የሚገባ

በአማርኛችን አንድ ሰው በጭንቅ ቀን ለሌላው ሲቆምለት «ዋስ ጠበቃ ሆነው» ይባላል። ሁለቱን ቃላት አንድ ላይ መጥራት ስለ ለመድን ለየብቻቸው ምን ማለት እንደ ሆኑ የምናስብበት ጊዜ ጥቂት ነው። ዋስ «ይህ ሰው በተጠራበት ቀን ይቀርባል፤ ባይቀርብ እኔ እጠየቃለሁ» ብሎ ራሱን የሚያስይዝ ሰው ነው። ጠበቃ ደግሞ የተያዘውን ሰው ጉዳይ በሕግ ቋንቋ ለዳኛ የሚያስረዳ ባለሙያ ነው። የመጀመሪያው ማንኛውም ጎረቤት ሊሆን ይችላል፤ ሁለተኛው ግን ትምህርትና ፈቃድ የሚጠይቅ ሙያ ነው። በዚህ እትም ስለ ሁለቱ ጥቂት ትምህርት ለማቅረብ የተነሣነው፣ በደሴና በኮምቦልቻ የታሰረ ሰው ቤተሰብ መጀመሪያ የሚሮጠው ብዙውን ጊዜ ወደ ካህኑ ወይም ወደ ትምህርተ ክርስቶስ መምህሩ በመሆኑና፣ እኛም በዚያች ሰዓት የምንመልሰው ሲጠፋን ስላየን ነው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት አንዲት እናት አርብ ማታ ወደ ቁምስናው ግቢ መጡ። ልጃቸው የአይሱዙ ሾፌር ነው። ከሚሌ መንገድ ሲመለስ ኮምቦልቻ መግቢያ ላይ መንገድ የሚያቋርጥ ሰው ገጭቶ፣ ተጎጂው ወደ ደሴ ሆስፒታል ሲወሰድ እርሱ ፖሊስ ጣቢያ ገብቷል። እናቲቱ አንድ ጋቢና በፌስታል የቋጠሩት እንጀራ ይዘው ነበር። «ምን ላድርግ?» ብለው ሲጠይቁ ያገኙት መልስ «እንጸልያለን» የሚል ብቻ ነበር። ጸሎቱ መልካም ነው፤ ነገር ግን በማግሥቱ ጠዋት «ጉዳይ አስፈጻሚ ነኝ» የሚል ሰው ከጣቢያው በር ላይ አግኝቶ «ሰው አውቃለሁ፤ ዛሬውኑ አስፈታዋለሁ» ብሎ ሦስት ሺህ ብር ተቀበላቸው። ሰውየው ከዚያ ወዲያ አልታየም። እኒህ እናት ገንዘቡን ያጡት በሞኝነት ሳይሆን ማንን ምን ብለው እንደሚጠይቁ የነገራቸው ስላልነበረ ነው። የዚህም ጥፋት ከፊሉ የእኛ ነበር።

የመጀመሪያዎቹ ሰዓታት

በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 19 ስለ ተያዙ ሰዎች መብት ይናገራል። የተያዘ ሰው የተያዘበት ምክንያት በሚገባው ቋንቋ ወዲያውኑ ሊነገረው ይገባል። ላለመናገር መብት አለው፤ የሚናገረውም ቃል በፍርድ ቤት ማስረጃ ሊሆንበት እንደሚችል ሊገለጽለት ይገባል። በ48 ሰዓት ውስጥም ፍርድ ቤት መቅረብ አለበት። ከዚህ ጊዜ የሚቀነሰው ከተያዘበት ቦታ ወደ ፍርድ ቤት ለመድረስ አግባብ ባለው ግምት የሚያስፈልገው የጉዞ ጊዜ ብቻ ነው። ብዙዎች «ቅዳሜና እሑድ አይቆጠርም» ሲሉ እንሰማለን፤ ሕገ መንግሥቱ ግን እንዲህ ያለ ቅነሳ አያውቅም። ስለዚህ አርብ ማታ የተያዘው ሾፌር ጉዳይ እስከ እሑድ ማታ ለዳኛ መቅረብ ነበረበት ማለት ነው።

«በሚገባው ቋንቋ» የሚለውን ቃል በኮምቦልቻ ያለን ሰዎች በቀላሉ ልናልፈው አይገባንም። ከባቲና ከከሚሴ በኩል ኦሮምኛ ተናጋሪው፣ ከሚሌ በኩል አፋርኛ ተናጋሪው በየቀኑ ወደ ከተማችን ይመጣል። እንዲህ ያለ ሰው ተይዞ በማያውቀው ቋንቋ የተጻፈ ቃል ላይ ቢፈርም፣ ፊርማው በኋላ ብዙ ክርክር ያስነሣል። አማርኛ የሚያውቀውም ቢሆን የሰጠው ቃል ተነብቦለት ያላለው ነገር ካለ እንዲታረም ሳይጠይቅ መፈረም የለበትም። ያው አንቀጽ ማንም ሰው በራሱ ላይ እንዲመሰክር እንደማይገደድና በግዳጅ የተገኘ ቃል ተቀባይነት እንደሌለው ደንግጓል።

ቤተሰቡ በዚህ ጊዜ ከልቅሶ ይልቅ የሚጠቅመው አንድ ደብተርና እስክሪብቶ ነው። የተያዘበት ሰዓትና ቦታ፣ ያለበት ጣቢያ፣ የመርማሪው ፖሊስ ስም፣ ተጠርጥሮ የተያዘበት ነገርና የምርመራ መዝገቡ ቁጥር ይጻፉ። ሰዓቱ ካልተጻፈ 48ቱን ሰዓት ከየት ጀምሮ መቁጠር እንደሚገባ በኋላ ማረጋገጥ ያስቸግራል። ጠበቃም ሲገኝ መጀመሪያ የሚጠይቀው እነዚህኑ ነው።

ካህናትና መምህራን በቃላቸው ሊይዙት የሚገባው ደግሞ አንቀጽ 21 ነው። በጥበቃ ሥር ያለ ሰው ከትዳር ጓደኛው፣ ከቅርብ ዘመዶቹ፣ ከጓደኞቹ፣ ከሐኪሙ፣ ከሕግ አማካሪውና ከሃይማኖት አማካሪው ጋር ለመገናኘትና በእነርሱም ለመጎብኘት መብት እንዳለው ይደነግጋል። «ዘመድ ካልሆንክ አትገባም» የተባለ የትምህርተ ክርስቶስ መምህር፣ ድምፁን ሳያሰማ ቀስ ብሎ ይህን አንቀጽ ቢያስታውስ ብዙ ጊዜ በሩ ይከፈትለታል። ጠብ ግን አይረዳም፤ የሚጎዳው ውስጥ ያለው ሰው ነው።

ልጅ ሲያዝ ነገሩ የተለየ ነው። ዕድሜው ከ15 ዓመት በታች የሆነ ወጣት እንደ ትልቅ ሰው በጣቢያ መቆየት የለበትም፤ ፖሊስ ወዲያውኑ በአቅራቢያው ወዳለው የወረዳ ፍርድ ቤት ሊያቀርበው ይገባል። ነገሩ በቀጠሮ ቢያድር ልጁ ለወላጆቹ ወይም ለአሳዳጊው፣ እነርሱ ባይኖሩ ለታመነ ሰው ተሰጥቶ በቀጠሮው እንዲያቀርቡት ይደረጋል። «የታመነ ሰው» ለመሆን መምህራን ሊያመነቱ አይገባም።

ስለ ዋስትና

በአገራችን ዋስ የጥንት ነገር ነው። ዘመናዊ ፍርድ ቤት ከመቋቋሙ በፊት ከሳሽ ተከሳሹን «ዋስ ጥራ» ይለዋል፤ ዋስ ያላገኘ ከከሳሹ ጋር በሰንሰለት ወይም በነጠላ ጫፍ ተቋጥሮ ዳኛ ፊት እስኪቀርብ ድረስ አብሮት ይውላል፣ ያድራል። ቁራኛ የሚባለው ይህ ነበር። ዛሬ ቃሉ በንግግራችን ብቻ ቀርቷል፤ ነገር ግን ሐሳቡ ያው ነው። ዋስትና ሰውየው ለፍርድ እንዲገኝ ማረጋገጫ ነው እንጂ ቅጣት አይደለም። መቀጫም አይደለም። በዋስ የወጣ ሰውም ነጻ ተባለ ማለት አይደለም፤ ጉዳዩ ገና ይታያል። ይህን ባለመረዳት «ገንዘቡን ከፍለናል፣ አልቋል» ብለው ቀጠሮ የሚቀሩ አሉ።

ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 19 ንዑስ አንቀጽ 6 የተያዙ ሰዎች በዋስ የመፈታት መብት እንዳላቸው ከደነገገ በኋላ፣ በሕግ በተለዩ ሁኔታዎች ፍርድ ቤት ዋስትና ሊከለክል ወይም በቂ ማረጋገጫ ሊጠይቅ እንደሚችል ይጨምራል። መብቱ ሕጉ ነው፤ ክልከላው ልዩ ሁኔታ ነው። ልዩ ሁኔታዎቹን በብዛት የምናገኛቸው በ1954 ዓ.ም. በወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ ውስጥ ነው።

ከቀላሉ እንጀምር። በዚህ ሕግ አንቀጽ 28 መሠረት ወንጀሉ በጽኑ እስራት የማያስቀጣ ከሆነ፣ ወይም ወንጀል መሠራቱ ወይም ተጠርጣሪው መሥራቱ የሚያጠራጥር ከሆነ፣ መርማሪ ፖሊስ ራሱ ሰውየውን በዋስ ሊለቀው ይችላል። ፍርድ ቤት መጠበቅ አያስፈልግም። ብዙ የሰፈር ጠብና የስድብ ጉዳይ እዚያው ሊያልቅ ሲችል ሰው ሳያውቅ ቀናት ያድራል። ስለሆነም ቤተሰቡ መጀመሪያ በትሕትና ሊጠይቀው የሚገባው «በፖሊስ ዋስ ሊወጣ ይችላልን?» የሚለውን ነው። ፖሊስ ካልፈቀደ ለፍርድ ቤት ማመልከት ይቻላል።

የሾፌሩ ጉዳይ ግን የሚገባው ወደ አንቀጽ 63 ነው። ይህ አንቀጽ ሁለት ነገር ያነሣል፤ አንደኛው ወንጀሉ በሞት ወይም በ15 ዓመትና ከዚያ በላይ በሆነ ጽኑ እስራት የሚያስቀጣ እንደ ሆነና እንዳልሆነ፣ ሁለተኛው የተጎዳው ሰው ይሞታል ተብሎ የሚያሠጋ እንደ ሆነና እንዳልሆነ። ሁለቱ እንዴት ተያይዘው መነበብ እንዳለባቸው የሕግ ባለሙያዎችን ሲያከራክር ኖሯል። አንዱ ብቻ ሲገኝ ዋስትና ይከለከላል የሚሉ አሉ፤ ሁለቱም አንድ ላይ መገኘት አለባቸው የሚሉም አሉ። በቸልተኝነት ሰው መግጨት በራሱ ያን ያህል ከባድ ቅጣት የሚያስከትል ላይሆን ይችላል፤ ተጎጂው ግን ሆስፒታል ውስጥ በሞትና በሕይወት መካከል ይሆናል። የሾፌሩ ዕጣ በዚህ ክርክር ላይ የተንጠለጠለ ነበር። እናት በፍርድ ቤት በር ቆመው ሊከራከሩት የሚችሉት ነገር አልነበረም፤ ጠበቃ የሚያስፈልገው እንዲህ ባለው ቦታ ነው።

ፖሊስ ምርመራውን እንዳልጨረሰ ገልጾ የጊዜ ቀጠሮ ጠየቀ። በሕጉ አንቀጽ 59 በአንድ ጊዜ የሚሰጥ የምርመራ ቀጠሮ ከ14 ቀን ሊበልጥ አይችልም። ጠበቃው የመጀመሪያውን ቀጠሮ መቃወም ብዙም እንደማይጠቅም አይቶ፣ በእነዚያ ቀናት ደሴ ወጥቶ ከሆስፒታሉ በሐኪም የተፈረመ ማስረጃ እንዲጠየቅ አደረገ። ተጎጂው ከአደጋ መውጣቱ በጽሑፍ ሲረጋገጥ የሞት ሥጋቱ ጥያቄ ወደቀ። ሾፌሩ በሁለተኛው ቀጠሮ ዋስትና ተፈቀደለት። የእናቲቱ ጩኸትም የደላላው ሦስት ሺህ ብርም ያላስገኘውን አንድ የሐኪም ወረቀት አስገኘ።

ከአንቀጽ 63 ያለፈ ሰው ደግሞ አንቀጽ 67 ይጠብቀዋል። ፍርድ ቤት አመልካቹ የዋስትናውን ግዴታ አይፈጽምም፣ ሌላ ወንጀል ይሠራል፣ ወይም ምስክር ያባብላል፣ ማስረጃ ያጠፋል ብሎ ካመነ ዋስትና ሊከለክል ይችላል። ለዚህ የሚቀርበው መልስ «ልጄ ጥሩ ልጅ ነው» የሚል ብቻ ከሆነ አይበቃም። ቋሚ አድራሻ፣ ሥራ፣ ቤተሰብ፣ ቀድሞ ሲጠራ መቅረቡን የሚያሳይ ነገር በወረቀት ይቅረብ። የቀበሌ መታወቂያ፣ የመሥሪያ ቤት ደብዳቤ፣ የሚያስተዳድራቸው ልጆች መኖራቸው፣ ሁሉም ይረዳሉ። ማመልከቻው በጽሑፍ ሆኖ በአመልካቹ የሚፈረም ሲሆን ሊያቀርብ የሚችለውን የዋስትና ዓይነት መግለጽ አለበት። ዳኛው «ምን ታቀርባለህ?» ብሎ ሲጠይቅ ቤተሰቡ እርስ በርሱ መተያየት ከጀመረ ጊዜ ይባክናል።

የዋስትናውን መጠን ሲወስን ፍርድ ቤት የወንጀሉን ክብደት፣ የመቅረቡን ተስፋ፣ ለሕዝብ ሰላም የሚያሠጋ መሆን አለመሆኑንና የተከሳሹንም የዋሶቹንም አቅም ይመለከታል። ስለ አቅም መናገር እንግዲህ ነውር አይደለም፤ ሕጉ ራሱ ያነሣዋል። የዕለት ሠራተኛ የሆነን ሰው ከነጋዴ እኩል አስይዝ ማለት ዋስትናን በስም ፈቅዶ በግብር መንሣት ይሆናል። የሚያስይዘው ነገር ጥሬ ገንዘብ፣ የቤት ካርታ፣ የመኪና ሊብሬ ወይም የደመወዝ ዋስ ሊሆን ይችላል። ገንዘቡ የሚከፈለው ለመርማሪ ወይም ለጸሐፊ በእጅ ሳይሆን በሕጋዊ ደረሰኝ ነው፤ ደረሰኙም እንደ ገንዘቡ ይጠበቅ፤ ጉዳዩ ሲያልቅ ገንዘቡ የሚመለሰው በእርሱ ነውና። ካርታና ሊብሬ ሲቀርብ ንብረቱ ከዕዳና ከእገዳ ነጻ መሆኑን የሚመለከተው መሥሪያ ቤት በደብዳቤ ማረጋገጥ አለበት፤ ይህ ደብዳቤ አንድ ሙሉ ቀን ሊወስድ ስለሚችል አስቀድሞ መጀመር ይበጃል። በአሜሪካ ያሉ ዘመዶቻችን በክፍያ ዋስ የሚሆን ኩባንያ እንዳለ ያወሩናል። በእኛ አገር እንዲህ ያለ ንግድ የለም፤ «በኮሚሽን ዋስ እሆናለሁ» የሚል ሰው ሲመጣ መጠንቀቅ ያሻል።

ዋስትና የተከለከለ ሰው በ20 ቀን ውስጥ ይግባኝ ለሚሰማው ፍርድ ቤት በጽሑፍ ማመልከት ይችላል። የደሴም ሆነ የኮምቦልቻ ወረዳ ፍርድ ቤት ቢከለክል ጉዳዩ የሚሄደው ደሴ ወዳለው የዞኑ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ነው። ዋስትና ሲፈቀድ ደግሞ የመፍቻ ትእዛዙ ተጽፎ፣ ማኅተም ተደርጎበት፣ ሰውየው ወዳለበት ጣቢያ ወይም ማረሚያ ቤት መድረስ አለበት። አርብ ከሰዓት በኋላ የተሰጠ ትእዛዝ በጸሐፊ ጠረጴዛ ላይ ሰኞን ሲጠብቅ አይተናል። ትእዛዙን ተከታትሎ የሚያደርስ አንድ እግረ ቀና ዘመድ አስቀድሞ ይመደብ።

ዋስትና በማይሠራበት ጊዜ

ምእመናን ደጋግመው የሚጠይቁን አንድ ነገር አለ፤ «ፍርድ ቤት ልቀቁ ብሎ ባይለቁትስ?» የሚል ነው። ጥያቄው ከባዶ የመጣ አይደለም። በ1993 ዓ.ም. የቀድሞው የመከላከያ ሚኒስትር አቶ ስዬ አብርሃ በሙስና ተከሰው በቀረቡ ጊዜ ዳኛ ብርቱካን ሚደቅሳ በዋስ እንዲለቀቁ አዘዙ፤ ተከሳሹ ግን ከፍርድ ቤቱ ሲወጡ ወዲያው ተመልሰው ታሰሩ። በዚያው ዓመት የሙስና ተጠርጣሪ በዋስ እንዳይለቀቅ የሚከለክል የሕግ ማሻሻያ ወጣ። በ1997 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 434 ክልከላውን ከ10 ዓመት በላይ በሚያስቀጡ የሙስና ወንጀሎች ላይ ወሰነው። ስለሆነም በመንግሥት ሥራ ላይ ያለ ምእመን ከገንዘብ ጋር በተያያዘ ጉዳይ ቢያዝ፣ የ1954ቱን ሕግ ብቻ አንብቦ ተስፋ ማድረግ አይበቃም፤ የተከሰሰበትን አንቀጽ ቁጥር ጠይቆ ለጠበቃ ማሳየት ያስፈልጋል።

የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅም ሌላ መሰናክል ነው። ጦርነቱ በጥቅምት 2014 ዓ.ም. ደሴና ኮምቦልቻ ሲደርስ በመላ አገሪቱ እንዲህ ያለ አዋጅ ታውጆ ነበር፤ በሐምሌ 28 ቀን 2015 ዓ.ም. ደግሞ በክልላችን የተነሣውን ግጭት ተከትሎ ሌላ ታውጆ በ2016 ዓ.ም. ለተጨማሪ አራት ወራት ተራዝሟል። በእነዚያ ጊዜያት ሰዎች ያለ ፍርድ ቤት ትእዛዝ ተይዘው፣ 48ቱ ሰዓት ሳይጠበቅ ብዙ ቆይተዋል። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 93 በአስቸኳይ ጊዜም ሊነኩ የማይችሉትን መብቶች ሲዘረዝር ኢሰብአዊ አያያዝን የሚከለክለውን አንቀጽ 18ን አካቷል፤ አንቀጽ 19ን ግን አላካተተም። ይህን ማወቅ ደስ አያሰኝም፤ ቢሆንም ቤተሰብ የማይሆን ተስፋ ይዞ ከሚንከራተት ያለበትን ቢያውቅ ይሻላል። በዚያም ጊዜ ቢሆን የታሰረበትን ቦታ መጠየቅ፣ ስንቅ ማድረስ፣ የታመመ ካለ ሕክምና እንዲያገኝ ማመልከት አይቀርም።

አዋጅ በሌለበት ጊዜ ግን ከሕግ ውጭ የተያዘ፣ ወይም ተፈቅዶለት ያልተለቀቀ ሰው አካልን ነጻ የማውጣት አቤቱታ ለከፍተኛ ፍርድ ቤት ሊያቀርብ ይችላል። በ1958 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ከአንቀጽ 177 ጀምሮ ሥርዓቱን ይገልጻል። አቤቱታው በቃለ መሐላ ተደግፎ ይቀርባል፤ ፍርድ ቤቱ ያሰረውን አካል ሰውየውን ይዞ እንዲቀርብና ምክንያቱን እንዲያስረዳ ያዛል። ታሳሪው ራሱ መጻፍ ባይችል ሌላ ሰው ስለ እርሱ ሊያመለክት ይችላል።

ጠበቃ ስለ መፈለግ

የሥነ ሥርዓቱ ሕግ አንቀጽ 61 የተያዘ ሰው ወዲያውኑ ጠበቃውን ጠርቶ እንዲያነጋግርና ከጠየቀም የመጻፊያ መሣሪያ እንዲሰጠው ያዛል። መብቱ ከመጀመሪያው ሰዓት ጀምሮ አለ። ነጻ ጠበቃ ግን ከመጀመሪያው ሰዓት አይገኝም። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 20 አቅም ለሌለው ሰው፣ ፍትሕ ሊጓደል የሚችል ሲሆን፣ በመንግሥት ወጪ ጠበቃ እንዲቆምለት የሚያዘው ለተከሰሰ ሰው ነው። ምርመራው ባለበት ጊዜ፣ ማለትም ቃል በሚሰጥበትና የጊዜ ቀጠሮ በሚጠየቅበት ጊዜ፣ ድኻው ብቻውን ነው። በእኛ አስተያየት የሥርዓቱ ትልቁ ክፍተት እዚህ ላይ ነው። ክስ ከተመሠረተ በኋላ ግን «ጠበቃ ለማቆም አቅም የለኝም፤ መንግሥት ተከላካይ ጠበቃ ያቁምልኝ» ብሎ ለዳኛው በግልጽ መናገር ያስፈልጋል። ዝም ያለ ሰው ጠበቃ እንደማይፈልግ ሊቆጠር ይችላል።

በክልላችን የጥብቅና ፈቃድ የሚሰጠው የክልሉ ፍትሕ ቢሮ ነው። ስለዚህ ማንም ሰው «ጠበቃ ነኝ» ሲል የታደሰ ፈቃዱን እንዲያሳይ መጠየቅ መብት እንጂ ድፍረት አይደለም፤ ሐቀኛ ጠበቃ በዚህ አይቀየምም። በፍርድ ቤት አካባቢ የሚቀመጡት ማመልከቻ ጸሐፊዎች ጠቃሚ ሥራ ይሠራሉ፤ ብዙዎቹም የልምድ ሰዎች ናቸው፤ ነገር ግን ችሎት ቆመው ሊከራከሩልን አይችሉም። ከፖሊስ ጣቢያ በር ላይ የሚገኘውና «ሰው አውቃለሁ» የሚለው ደግሞ ከሁለቱም አይደለም። ገንዘብ ተቀብሎ ለባለ ሥልጣን አደርሳለሁ ማለቱም ራሱ ወንጀል ነው፤ የሚሰጠውም ሰው አብሮ ሊጠየቅ ይችላል።

የአገሬውን ጠበቃ መምረጥ የሚጠቅመው ለምንድን ነው? ከአዲስ አበባ ስመ ጥር ጠበቃ ለማምጣት መሬት የሚሸጡ ቤተሰቦች አሉ። ይሁን እንጂ የዋስትና ጉዳይ በአጭር ቀጠሮ የሚሮጥ ነገር ነው። ዛሬ ኮምቦልቻ ችሎት ውሎ ነገ ሐረጎን ወጥቶ ደሴ ይግባኝ የሚያስገባ፣ መዝገብ ቤቱ የት እንደ ሆነ የሚያውቅ፣ ከታሳሪው ጋር በሳምንት ሁለት ጊዜ ሊገናኝ የሚችል ሰው ይበልጣል። ጉዳዩ ከባድ የሕግ ክርክር ያለበት ሲሆን በኋላ ሌላ ባለሙያ መጨመር ይቻላል። ጠበቃ ስንመርጥ በወንጀል ጉዳይ የሚሠራ መሆኑን እንጠይቅ፤ የውርስና የመሬት ክርክር የሚያውቅ ሁሉ የዋስትናን ሥራ አያውቅምና። ክፍያው ስንት እንደ ሆነ፣ ለየትኛው ደረጃ እንደ ሆነ፣ ይግባኝን ይጨምር እንደ ሆነ በጽሑፍ ውል ይያዝ፤ ለተከፈለውም ደረሰኝ ይወሰድ። «በእርግጠኝነት አስፈታዋለሁ» የሚል ጠበቃ ሲያጋጥም ወደሚቀጥለው መሄድ ነው፤ የሚፈታው ዳኛ እንጂ ጠበቃ አይደለምና።

ገንዘብ የሌለው የት ይሂድ? በአገራችን የሕግ ትምህርት ቤቶች ለአቅመ ደካሞች ነጻ የሕግ ድጋፍ የመስጠት ልማድ አላቸው። ደሴ ላይ ወሎ ዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ቤት ስላለው እዚያ ሄዶ መጠየቅ ተገቢ ነው። ቢያንስ የዋስትና ማመልከቻ በትክክል ተጽፎ የሚገኝበት መንገድ ይኖራል።

ሽምግልናም የወሎ ሀብት ነው። በገጠሩ አባጋር የሚያስታርቀውን ጠብ ፍርድ ቤት አይተካውም። ነገር ግን እርቅ የወንጀል መዝገብን ሁልጊዜ አይዘጋም፤ በተበዳዩ አቤቱታ ብቻ በሚቀርቡ ወንጀሎች አቤቱታውን መተው ክሱን ሊያስቀር ሲችል፣ በሌሎቹ ዐቃቤ ሕግ ክሱን ይቀጥላል። ሾፌሩ የገጨው ሰው ቤተሰብ ዘንድ ሽማግሌ መላኩ፣ ለሕክምናውም መርዳቱ፣ ሰብአዊ ግዴታ ከመሆኑም በላይ በኋላ ለቅጣት ማቅለያ ረድቶታል። በእርቁ ወረቀት ላይ የሚጻፈውን ቃል ግን ከመፈረም በፊት ጠበቃ ቢያየው ይመረጣል።

ዋስ ስለሚሆነው ሰው

መጽሐፈ ሲራክ በ29ኛው ምዕራፍ ስለ ዋስ ሲናገር ሁለቱንም ወገን ይነካል። ደግ ሰው ለባልንጀራው ዋስ እንደሚሆን ያመሰግናል፤ ዋስትና ብዙ ባለጸጎችን እንዳጠፋም ያስጠነቅቃል። ዋስ የሆነለትን ሰው ውለታ እንዳይረሳም ለተዋሰው ያሳስበዋል። በሐዋርያት ሥራ 17ኛ ምዕራፍ ያሶን ዋስ ጠርቶ የተለቀቀው ጳውሎስንና ሲላስን በቤቱ በመቀበሉ ምክንያት ነበር። የተዋሰ ሰው ምን ያህል እንደሚጨነቅ እነዚህን ያነበበ ይረዳዋል።

ተከሳሹ ቀጠሮ ቢቀር ዋሱ አይታሰርም፤ ያስያዘው ገንዘብ ወይም የገባው ግዴታ ግን ለመንግሥት ገቢ ይሆናል። የደመወዝ ዋስ ከሆነ ከደመወዙ ይቆረጣል። ዋስ የሆነ ሰው ተከሳሹ ሊጠፋ መሆኑን ከጠረጠረ ቀኑ እስኪያልፍ ከመጠበቅ ለፍርድ ቤቱ አመልክቶ ከግዴታው ለመውረድ ሊጠይቅ ይችላል። ይህን ባለማወቅ ዝም ብለው የከፈሉ ብዙዎች ናቸው።

የሾፌሩን ዋስትና ፍርድ ቤቱ በ15 ሺህ ብር ጥሬ ገንዘብ ወይም በተመሳሳይ መጠን በደመወዝ ዋስ ወሰነ። እናቲቱ ገንዘቡ አልነበራቸውም። ዋስ የሆኑት የቅሬያቸው አባል የሆኑ አንድ ሙስሊም መምህር ናቸው። ከትምህርት ቤታቸው የደመወዛቸውን መጠንና ከሌላ የዋስትና ግዴታ ነጻ መሆናቸውን የሚገልጽ ደብዳቤ አጽፈው አቀረቡ። «እኔ የልጁን አባት ቀብሬአለሁ፤ ልጁን እንዴት አላስወጣም?» ነበር ያሉት። ልጁ ግን ከወጣ በኋላ ሥራ አግኝቶ ሚሌ ሄደና አንድ ቀጠሮ ሊያልፈው ጥቂት ቀረው፤ መምህሩ ሌሊት ስልክ እየደወሉ፣ እናቲቱም እያለቀሱ በጠዋቱ መኪና ደረሰ። ከዚያ ወዲህ እናቲቱ የቀጠሮውን ቀን በግድግዳው ካላንደር ላይ በቀይ እስክሪብቶ ያከብቡ ጀመር።

ጉዳዩ ከስምንት ወር በኋላ በፍርድ አለቀ። ሁሉም «ተመስገን» ብሎ ወደ ሥራው ተመለሰ። መምህሩ ግን በሌላ ዓመት ለእኅታቸው ልጅ ተያዥ ሊሆኑ ሲሉ ትምህርት ቤቱ «አሁንም በዋስትና ተይዘዋል» ብሎ ደብዳቤ ከለከላቸው። ዋስትናው መውረዱን የሚገልጽ ደብዳቤ ከፍርድ ቤቱ ወጥቶ ለመሥሪያ ቤታቸው እንዲደርስ ማንም አልጠየቀም ነበር። እናቲቱ ይህን ሲሰሙ የመዝገቡን ቁጥር ከደብተራቸው አውጥተው ራሳቸው መዝገብ ቤት ሄደው ጠየቁ፤ ደብዳቤውንም በሦስተኛው ቀን በእጃቸው ለመምህሩ አደረሱ።